ኮንቨርተሩ ተቀይሮም የጭስ ምርመራውን የማያልፍ ካምሪ፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩና በኡበር የሚሠሩ አንድ ጠያቂ የሚከተለውን ጽፈዋል። መኪናቸው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር የ2009 ቶዮታ ካምሪ ሲሆን ከ180 ሺህ ማይል በላይ ተነድቷል። የምዝገባ ማሳደሻ ጊዜው ደርሶ ለጭስ ምርመራ ሲወስዱት የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ስለነበር ፒ0420 በሚባለው የብልሽት ኮድ ወደቀ። መካኒካቸው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም በጭስ መስመሩ ላይ ሆኖ የሞተሩን ጭስ የሚያጸዳውን ክፍል፣ በርካሽ በተገዛ አዲስ ቀይሮ፣ ኮዱንም አጥፍቶ በማግስቱ ቢልካቸው ጣቢያው «ኮምፒውተሩ ዝግጁ አይደለም» ብሎ መለሳቸው። ጥቂት ሳምንታት ከነዱት በኋላ መብራቱ በዚያው ኮድ እንደገና በራ፤ ወዳጃቸው በስካነር አጠፋላቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው ሄደው አሁንም «ዝግጁ አይደለም» ተባሉ። አሁን መካኒኩ ከኮንቨርተሩ በኋላ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኋላው የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር ይላል፤ ወዳጃቸው ደግሞ ሴንሰሩን ከጭሱ መስመር ራቅ የሚያደርግ ማስረዘሚያ ይግባበት ይላል። በጥያቄያቸው መጨረሻም፣ እግረ መንገዳቸውን፣ ዘይት ቀይረው እስከሚቀጥለው ቅያሪ ባለው 5,000 ማይል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ኳርት (አንዱ ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው) ዘይት እንደሚጨምሩ ጠቅሰዋል።

ውድ ጠያቂ፣ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ይህ የዘይት ነገር ከጻፉት ሁሉ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንደተደባለቁብዎ ልብ ይበሉ። «ዝግጁ አይደለም» መባልዎ አንድ ጉዳይ ነው፤ ፒ0420 መመላለሱ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው ያለ ምንም መለዋወጫ፣ በትዕግሥትና በተገቢ አነዳድ ብቻ ይፈታል። ሁለተኛው ግን ኮንቨርተሩን ምን እንደገደለው ሳይታወቅ አይፈታም፤ ገዳዩ ሳይገኝ የሚገባ አዲስ ኮንቨርተርም የቀድሞውን ዕጣ ይከተላል።

«ጭሱ ንጹሕ ነው፣ ሽታም የለውም፤ ታዲያ ለምን ይጥሉኛል?» ብለው ጠይቀዋል። በሰሜን ቨርጂኒያ ከ1996 ወዲህ የተሠራ ተራ የቤንዚን መኪና ሲመረመር ጭሱ አይለካም። መርማሪው ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ገመድ ሰክቶ የመኪናውን ኮምፒውተር ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፦ መብራቱን አብርተሃል ወይ? ያበራህበት ኮድ ምንድን ነው? የራስህን ፍተሻዎች ጨርሰሃል ወይ? እርስዎን ሁለት ጊዜ የመለስዎ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ አንዳንድ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ሲሊንደሮቹ ሳያቃጥሉ ማለፍ አለማለፋቸውን፣ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ያለማቋረጥ ይከታተላል። ካታሊስቱን (በኮንቨርተሩ ውስጥ ጭሱን የሚያጸዳውን ክፍል)፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹንና ማሞቂያዎቻቸውን፣ የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውንም የሚፈትሸው ግን የሙቀት፣ የፍጥነትና የነዳጅ መጠን ሁኔታዎች ሲሟሉለት ብቻ ነው። ኮድ በስካነር በተሰረዘ ወይም ባትሪ በተነቀለ ቁጥር የእነዚህ ፍተሻዎች ውጤት አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ ጣቢያው ከመሄድዎ በፊት ኮዱን ማጥፋትዎ እንዳያልፉ ያደረገዎት ራሱ ነው።

በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ መሠረት የ2001 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ሞዴል መኪና አንድ ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ቢኖረው ይታለፍለታል፤ ከ1996 እስከ 2000 ላለው ደግሞ ሁለት። ነገር ግን በካታሊስት ኮድ የወደቀ መኪና ለድጋሚ ምርመራ ሲመለስ የካታሊስቱ ፍተሻ ራሱ የተጠናቀቀ መሆን ይኖርበታል፤ የሚታለፍልዎ አንዱ እርሱ ሊሆን አይችልም። ይህን የሚያውቅ መካኒክ መኪናውን በማግስቱ አይልክም ነበር።

ፍተሻዎቹ እንዲጠናቀቁ ምን ያስፈልጋል? የእርስዎ የሥራ ጠባይ ለዚህ እንደማይመች ግልጽ ነው፤ በሬገን ወይም በደለስ አየር ማረፊያ መጠበቂያ ቦታ ሞተር እያሠሩ መቆም፣ ከዚያም በከተማ መብራቶች መካከል አጫጭር ጉዞ ማድረግ ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ዕድል አይሰጠውም። የነዳጁ መጠን ከሩብ በላይ ከሦስት ሩብ በታች ይሁን። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይቁም፤ በብዙ ቶዮታዎች የነዳጅ ትነት ፍተሻ የሚካሄደው ሞተሩ ከጠፋ ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ ማንም መኪናውን ሳይነካው ነውና። ጠዋት ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ካሞቁት በኋላ መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ለምሳሌ እሑድ ማለዳ በአይ-66 ከማናሳስ ወደ ፍሮንት ሮያል አቅጣጫ፣ በ55 እና በ60 ማይል መካከል በአንድ ወጥ ፍጥነት ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይንዱ። በመሃሉ ሁለት ሦስት ጊዜ እግርዎን ከነዳጁ ፈጽሞ አንስተው፣ ፍሬን ሳይረግጡ መኪናው ለአሥር ሰከንድ ያህል በራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይተዉት፤ ነዳጁ በሚቋረጥባት በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሴንሰሮቹን የምላሽ ፍጥነት ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ሰክተው የትኞቹ እንደተጠናቀቁ ራስዎ ማየት ይችላሉ። ማንበቢያው «ተጠናቅቋል» ሳይል ወደ ጣቢያው አይሂዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንለፍ። ፒ0420 ማለት «ኮንቨርተሩን ቀይር» ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚለው፣ በፊተኛውና በኋለኛው ሴንሰር መካከል ያለው ካታሊስት የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም ነው። ይህን የሚያውቀው በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ክምችት በመለካት ነው፤ በማር እንጀራ መሰል ቀዳዳዎች የተሞላው ሴራሚክ ከፕላቲኒየም፣ ከፓላዲየምና ከሮዲየም ሌላ ሴሪየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀባ ሲሆን፣ ይህ ቅብ ትርፍ ኦክስጅን ሲመጣ ያስቀምጣል፣ ሲጎድል ይመልሳል። ክምችቱ ጤነኛ ሲሆን የኋላው ሴንሰር ሞተሩ ሞቆ በወጥ ፍጥነት ሲነዱ በ0.6 እና በ0.8 ቮልት አካባቢ ተረጋግቶ ይታያል። ክምችቱ ሲሟጠጥ ቮልቱ ከታች ወደ ላይ መዝለል ይጀምራል። ኮምፒውተሩ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ይህን ካረጋገጠ መብራቱን ያበራል። ስለዚህ የኋላው ሴንሰር በአብዛኛው ምስክር እንጂ ወንጀለኛ አይደለም፤ የራሱን ብልሽት የሚያመለክቱ ሌሎች ኮዶች አሉት፤ እነርሱ በሌሉበት ሴንሰሩን መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ኮንቨርተር በዕድሜ ብቻ የሚሞትበት ጊዜ እምብዛም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከሞተሩ በሚመጣበት ነገር ነው፦ ሳይቃጠል በሚያልፍ ቤንዚን ይቀልጣል፣ ወደ ሲሊንደር በሚሾልክ የራዲያተር ውሃ ይሸፈናል፣ በሚቃጠል የሞተር ዘይት ይመረዛል። በዘይት ውስጥ ብረት ከብረት ሲፋተግ እንዳይጎዳ የሚጨመሩ ፎስፈረስና ዚንክ አሉ፤ ዘይቱ ሲቃጠል እነዚህ እንደ አመድ በሴራሚኩ ላይ ተደራርበው ውድ ማዕድናቱ ጭሱን እንዳይነኩ ይጋርዷቸዋል። ሰማያዊ ጭስ ለዓይን ባይታይም ይህ ሊሆን ይችላል። «ጭሱ ንጹሕ ነው» ያሉት ነገር ያላሳመነኝም ለዚህ ነው።

የእርስዎ ሞተር 2ኤዜድ-ኤፍኢ ይባላል፤ ከ2007 እስከ 2009 በተሠሩ ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ውስጥ ዘይት በመብላት በሰፊው የታወቀ ነው። የፒስተኑ የዘይት ሪንጎች፣ አገር ቤት ፋሻ የምንላቸው፣ ዘይቱን ጠርገው የሚመልሱባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወጣል። ቶዮታ ለዚህ በ2011 ለአከፋፋዮቹ የቴክኒክ መግለጫ አውጥቶ የተሻሻሉ ፒስተኖችና ሪንጎች አቅርቦ ነበር፤ ኋላም ዋስትናውን ለተወሰነ ጊዜ አራዝሞ ነበር። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ በእርሱ ላይ ተስፋ አይጣሉ። ለጥገናው መነሻ የተወሰደው ልክ በ1,200 ማይል አንድ ኳርት መጉደል ነው። እርስዎ በ5,000 ማይል ሦስት ወይም አራት ኳርት ይጨምራሉ፤ ይህ በ1,250 እና በ1,670 ማይል መካከል አንድ ኳርት ማለት ነው። እንግዲህ ወይ በልኩ ደጃፍ ላይ ነዎት ወይም ለመድረስ ጥቂት ይቀርዎታል፤ በግምት ሳይሆን በልኬት መታወቅ አለበት።

እኔ መኪናውን ብረከበው ኮንቨርተር ከማሰቤ በፊት በሚከተለው መንገድ እሄዳለሁ። ኮዱን ከማጥፋቴ በፊት ኮድ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ አብሮ የሚያስቀምጠውን ቅጽበታዊ መረጃ አነባለሁ፤ መብራቱ ሲበራ መኪናው በምን ፍጥነት፣ በምን ሙቀት እንደነበረ ይነግረኛል። ከዚያ የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሮችን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚረጨውን ቤንዚን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩትን፣ አያለሁ። ከዜሮ በታችና በላይ እስከ አምስት በመቶ ጤና ነው፤ እስከ አሥር በመቶ ድረስም ብዙ አያሳስብም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሞተሩ አየር የሚስብበት ቀዳዳ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የነዳጅ ግፊት ችግር አለ ማለት ነው፤ እርሱ ሳይስተካከል የሚገባ ኮንቨርተር ዕድሜ የለውም። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አያለሁ፤ ነጣ ያለ አመድ ወይም የዘይት ቅሪት የተጋገረበት ካንዴላ የትኛው ሲሊንደር ዘይት እንደሚያሾልክ ይጠቁማል። የራዲያተሩ ውሃ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጋስኬት (የሞተሩን አናት ከአካሉ ጋር የሚያሽገው) በግፊት ይፈተሻል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ጋራዦች ይዘሉታል፤ በእርስዎ ሁኔታ ግን ኮንቨርተሩ በቅርቡ ስለተነካ መዝለል የማይገባ ነው። ከኋላው ሴንሰር በፊት ባለው የጭስ መስመር ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ፣ በሞተሩ ምት መካከል ግፊቱ ሲወርድ የውጭ አየር ይሳባል፤ ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን ከካታሊስቱ እንደመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በማስነሳት የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው በኮፈኑ በኩልና ከሥር ቢያዳምጡ የሚያፏጭ ወይም የሚተፋ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ የሚሻለው ግን ጭስ በሚነፋ መሣሪያ መፈተሽ ነው። ርካሽ ኮንቨርተር ሲገጠም የቆየው ጋስኬት ተመልሶ መግባቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። እግረ መንገዱንም መካኒኩ የቀየረው ትክክለኛውን መሆኑ ይረጋገጥ፤ በብዙ መኪኖች ከአንድ በላይ ኮንቨርተር አለ፤ ኮዱ የሚመለከተው ግን በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ያለውን ብቻ ነው።

የዘይቱ ልኬት በእርስዎ እጅ ነው። ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየር፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ መለኪያው ሙሉ እስኪል ይሙላና የማይሉ ቁጥር ይጻፍ። ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ዘይቱን ይለኩ፤ በጎደለ ጊዜ የጨመሩትን መጠን ከማይሉ ጋር ይመዝግቡ። 1,200 ማይል ሲሞላ ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። ከልኬቱ በፊት ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ፒ.ሲ.ቪ. ቫልቭ ይቀየር፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ተደፍኖ ከሆነም የዘይቱን መጉደል ያባብሳል። እርሱ ብቻ ሞተሩን ያድናል ብዬ ግን አልሸነግልዎትም።

ውጤቱ በ1,200 ማይል ከግማሽ ኳርት በታች ከሆነ፣ ክፍተት ካለ ተደፍኖ፣ ጥራት ያለው ኮንቨርተር ማስገባት ተገቢ ነው። አንድ ኳርት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምርጫው መራራ ነው፦ ፒስተንና ሪንግ መቀየር፣ ታሪኩ የታወቀ ሌላ ሞተር ማስገባት፣ ወይም መኪናውን እንዳለ ሁኔታውን ሳይደብቁ መሸጥ። ይህን ያህል ዘይት በሚያቃጥል ሞተር ላይ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ የፋብሪካ ኮንቨርተር እንዲያስገቡ አልመክርም፤ ርካሹን ደግመው እንዲያስገቡም አልመክርም። በሁለቱ መካከል ያለ ልኬት ሲገኝ የመኪናው ቀሪ አካል፣ በተለይ ማርሹና የሥሩ ዝገት፣ ውሳኔውን ቢወስን ይሻላል።

ኮንቨርተር መግዛት ተገቢ ሆኖ ከተገኘ በቅድሚያ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የልቀት ደረጃ መግለጫ ይመልከቱ። መኪናው በካሊፎርኒያ ደረጃ የተሠራ ከሆነና ለፌዴራሉ ደረጃ ብቻ የሚበቃ ኮንቨርተር ቢገባለት፣ የከበሩ ማዕድናቱ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ኮዱ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ለገበያ የሚቀርቡ ከፋብሪካ ውጭ የተሠሩ ኮንቨርተሮች በፌዴራል ደንብ ለ25,000 ማይል የአሠራር ዋስትና አላቸው፤ እርስዎ የገዙት በሳምንታት ከከሸፈ ደረሰኙን ይዘው ሻጩን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ሻጩ ግን ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል ብሎ ሊከራከርዎ እንደሚችል አይርሱ። ይህን የሚያነቡ በካሊፎርኒያ፣ በኒው ዮርክ፣ በሜይን ወይም በኮሎራዶ የሚኖሩ ካሉ፣ በእነዚያ ግዛቶች የካሊፎርኒያው የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የታተመበት ኮንቨርተር ግዴታ እንደሆነ ይወቁ።

ወዳጅዎ የመከሩዎትን ማስረዘሚያ በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፤ አያድርጉት። የልቀት መቆጣጠሪያን ማታለል በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ጥገናውን የሚሠራው ጋራዥም ተጠያቂ ይሆናል። ከሕጉ ባሻገር፣ የሞተሩን ሕመም የሚነግርዎትን ብቸኛ ምስክር አፍ ያስይዛሉ። በነዳጅ ውስጥ ጨምረው «ያሳልፋል» የሚባለውን ጠርሙስም ይተዉት፤ በአመድ የተሸፈነ ካታሊስትን የሚያጥብ ፈሳሽ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥገናው ከተሠራ በኋላ ኮዱ አንድ ጊዜ ይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዳያጠፋው። ፍተሻዎቹ ሲጠናቀቁ ጥሩ ስካነር ያለው መካኒክ ሞድ 6 የሚባለውን ክፍል እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ፤ ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን ሲፈትን ያገኘው ቁጥርና የማለፊያው ወሰን ጎን ለጎን ይታያሉ። ከወሰኑ ብዙ የራቀ ቁጥር ካገኙ በእርግጠኝነት ይሂዱ፤ ወሰኑን ጨርፎ ያለፈ ከሆነ መብራቱ ለጊዜው ቢጠፋም ኮዱ እየመጣ ነው። መብራቱ በራሱ የሚጠፋው ሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ፍተሻውን ሲያልፉ ነው።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ በቨርጂኒያ የወደቀ መኪና በ14 ቀናት ውስጥ ወደዚያው ጣቢያ ቢመለስ አንድ ነጻ ድጋሚ ምርመራ አለው፤ ይህ ጊዜ ያልፍብኛል ብለው ግን ያልተጠናቀቀ መኪና ይዘው አይሩጡ፤ የሚያጡት የምርመራውን ክፍያ ብቻ ነው። ምዝገባው ሊያልቅ ከተቃረበ ለተሽከርካሪ መምሪያው አስቀድመው ያመልክቱ፤ ጊዜው ያለፈበት ምዝገባ ይዞ ተሳፋሪ ማጓጓዝ ከምርመራው የከፋ ጣጣ አለው። ለልቀት ጥገና ግዛቱ የወሰነውን ያህል ገንዘብ አውጥተው አሁንም ካላለፈ፣ የአካባቢ ጥራት መምሪያው ለአንድ ዙር የሚያሳልፍ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር አለ። መጠኑ በየዓመቱ ስለሚስተካከል ከመምሪያው ይጠይቁ። ለዚህ የሚቆጠርልዎ ግን መምሪያው ያረጋገጠው የልቀት ጥገና ባለሙያ የሠራው ሥራ ነው፤ በወዳጅነት በግቢ ውስጥ የተሠራ ጥገና አይቆጠርም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ጋራዥ ሲመርጡ ይህ ማረጋገጫ እንዳለው ይጠይቁ፤ የወደቁበትን ወረቀት፣ የኮንቨርተሩን ደረሰኝና የዘይቱን መዝገብ አንድ ላይ ይዘው ይሂዱ፤ ለመካኒኩም ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ቅጽበታዊውን መረጃ አትሞ እንዲሰጥዎ ይንገሩት።